የናዛሪያ ቢጫ ካሳቫ

የታላቅ ወንድሜ ሚስት ናዛሪያ ከአያሪ ወንዝ ተድራ ስትመጣ፣ ጀልባዋ ላይ የነበረው አንድ ሻንጣና ጥቂት እስር የካሳቫ ግንድ ነበር። ሻንጣውን ወንዙ ቢወስደው ዞር ብላ የምታየው አይመስለኝም። ግንዶቹን ግን ፀሐይ እንዳያገኛቸው በቀሚሷ ሸፍናቸው ነበር።

በእኛ ዘንድ ጫካውን የሚመነጥረውና የሚያቃጥለው ወንድ ነው። ከዚያ በኋላ ማሳው የሴቷ ነው። የናዛሪያ ማሳ እንደ መንደር ነበር፤ ግንደ ጥቁሩም፣ ቅጠለ ቀዩም የየራሱ ስምና ሠፈር አለው። ስታርም ታነጋግራቸዋለች። "አንቺ ደግሞ ምነው ከሳሽ? ጎረቤትሽ ተጫነችሽ?" ስትል ከሩቅ ይሰማል። አመሻሽ ላይ የሥር ቅርጫቷን በግንባሯ ማንገቻ አዝላ ትመለሳለች። ሥሩን ትፈገፍገዋለች፣ መርዛም ውኃውን ጨምቃ ታወጣለች፣ ከዚያ ቂጣ ትጋግራለች። ከሁሉ የምትወዳት ከእናቷ የወረሰቻትን ቢጫ ካሳቫ ነበር። ከእሷ የተጋገረውን የመሰለ ቂጣ በእኛው በኢሳና ወንዝ ዳር አልቀመስኩም።

ባለቤቴ ኤርሲሊያ አንድ ጊዜ ከቢጫዋ ግንድ ጠየቀቻት። ግንድ መከልከል ነውር ስለሆነ ናዛሪያ ሰጠቻት። ነገር ግን ሴቶቹ ሁሉ የካሳቫ ጠላ በሚጠጡበት ግብዣ ላይ፣ "ውሰጂ። ቢጫዋ ግን ሰነፍ እጅ አትወድም፤ ዓመት ሳይሞላ ትሞትብሻለች" አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ። ኤርሲሊያ አልሳቀችም።

ከዓመታት በኋላ ዝናብ የጠፋበት ጊዜ መጣ። ከሌላ ሰው ምንጥር ያመለጠ እሳት የናዛሪያን ማሳ በላው፤ ለመጪው ተከላ ጥላ ሥር ያስቀመጠቻቸውም ግንዶች አብረው ነደዱ። ካሳቫ ያለ ግንዱ አይተከልም። ሴቶቹ ከየማሳቸው ግንድ እያሰሩ አመጡላት፣ እሷም አንዱንም ሳትንቅ ለመትከል አዘጋጀች። ቢጫዋ ግን አልመጣችም። ያለችው እኛ ቤት ብቻ ነበር።

"ሄደሽ ጠይቂያት" አላት ወንድሜ።

"ከምጠይቃት ሞቴን እመርጣለሁ!"

ዝናቡ ጀመረ፤ የተከላው ጊዜ ሊያልፍ ሆነ። አንድ ማለዳ የካሳቫ መጭመቂያ ከረጢት ስጎነጉን ናዛሪያ በራችን ላይ ቆመች። ቤቶቻችን አጠገብ ላጠገብ ናቸው። ያን ቀን ግን ያ መንገድ ከአያሪ የረዘመባት ይመስለኛል።

"ኤርሲሊያ፣ አለሽ?"

"አለሁ እትዬ። ምነው፣ መንገድ ጠፋብሽ?"

"ስለ ቢጫዋ ነው የመጣሁት።"

"የትኛዋ? ያቺ ሰነፍ እጅ ላይ የምትሞተው?"

እኔ ወደ ሥራዬ አቀረቀርኩ። ናዛሪያ ግን አንገቷን አልደፋችም።

"አዎ፣ እሷው። አፌ ክፉ ነበር። የእናቴ ናት፤ እኔ ዘንድ ጠፍታ እንዳትቀር ብዬ ነው።"

ኤርሲሊያ ቆንጨራዋን አነሳች። "ነይ፣ ተከተይኝ" አለች።

እኔም ግንዱን ልሸከም ብዬ ተከተልኳቸው። ቢጫዋ ማሳው መሃል፣ ለሙ አፈር ላይ፣ አንድ አረም ሳይጠጋት ቆማለች። ናዛሪያ ግንዱን በጥፍሯ ጫር አደረገችው፤ ነጭ ወተት ወጣ። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ከእኔ የበለጠ ተንከባክበሻታል" አለች።

"ንዴት ነው ያሳደጋት፣ እትዬ! ባረምኩ ቁጥር 'እንዳትሞቺ! ያቺን ሴትዮ እንዳታስቂብኝ!' እያልኩ ነው።"

ያን ጊዜ ሁለቱም ማሳው መሃል ቁጭ ብለው እስኪደክማቸው ሳቁ።

በእኛ ዘንድ ከመጀመሪያው ምርት የተጋገረ ቂጣ ግንዱን ለሰጠችው ሴት ይወሰዳል። በዓመቱ ናዛሪያ ትኩሱን ቂጣ በቅርጫት ይዛ መጣች። ኤርሲሊያ ቆረሰችና ቀስ ብላ አላመጠች።

"ትንሽ አሮብሻል" አለች።

"እጄ ሰንፎ ይሆናል" አለች ናዛሪያ።

ኤርሲሊያ ለእኔ ልትቆርስልኝ የዘረጋችውን እጇን መልሳ ቀሪውን ራሷ በላችው።