ቀጥ በይ ያለው ሰው

የሰፈራችን መኪና አስተማሪ፣ ሬዲዮ የምንለው፣ ዱዳ ሆነ ተባለ። ዳቦ አከፋፋይዋ ሴትዮ ዳቦ ውስጥ የሆነ ነገር ከታ አብልታው ነው አሉ። ወሬው እኔ ጋ ሲደርስ ጭራሽ ምላሱ ተቆርጦ ነበር።

ውሸት ነው። ምላሱ ዛሬም እንዳለ ነው። የደረሰበት ከዚያ የባሰ ነው፤ የራሱን ድምፅ ሰማ።

ሬዲዮ ያልነው በከንቱ አይደለም። ተማሪው ቁልፍ ሳያዞር እሱ ይጀምራል፤ "መስታወት እይ፣ ፍሬቻ አብራ፣ ፍሪሲዮን ርገጥ፣ ትከሻህን ልቀቅ፣ ያቺን ድመት አየሃት?" ተማሪው ፈተና ከወደቀ ምክር ይጨምርለታል። ደግሞ ከወደቀ፣ በዚያው ላይ ይደርብለታል።

ዳቦ አከፋፋይዋ እሱ ዘንድ የመጣችው ባሏ ወገቡን ታሞ ከተኛ በኋላ ነው። መንጃ ፈቃድ ካላወጣች የዳቦ መኪናቸው ሊሸጥ ነው፤ ቤተሰቡ ደግሞ የሚተዳደረው በዚያ መኪና ነው።

አንድ ጠዋት ሲለማመዱ፣ መድኃኒት ቤቱ ጋ አንዲት ነፍሰ ጡር መንገዱ ውስጥ ገባች። ሬዲዮ ስለ ማርሽ እያወራ ነበር። ድንገት "ቀጥ በይ" አለ። ቁሚ ማለቱ ነው። ዳቦ አከፋፋይዋ ግን ጠዋቱን ሙሉ "ቀጥ ብለሽ ንጂ፣ መሪውን ቀጥ አድርጊው" ስትባል ነው የቆየችው። ቀጥ ብላ ነዳች።

ሬዲዮ የእጅ ፍሬኑን ጎተተ። መኪናው ከነፍሰ ጡሯ ሆድ ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ ቆመ። የያዘችው ሽንኩርት ኮፈኑ ላይ ተዘረገፈ።

"ቀጥ በይ አላልኩሽም እንዴ?"

"ቀጥ አልኩ እኮ ጋሼ። ከዚህ በላይ እንዴት ቀጥ ልበል?" ሞተሩን አጠፋች። "ደግሞ አይቻት ነበር። እግሬን ወደ ፍሬን ሳነሳ እርስዎ ተናገሩ።"

ሬዲዮ ወርዶ የተዘረገፈውን ሽንኩርት ለቀመ።

ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ አስቀረ፤ "ቁሚ"። ሌላውን ዋጠው። ፍሬቻ ስትረሳ የራሱን ጉልበት ይቆነጥጣል እንጂ አይተነፍስም። ጭራሽ እቤቱም ዝም አለ። ሚስቱ ደንግጣ ሐኪም ቤት ልትወስደው ነበር። "ጤነኛ ቢሆን እኔ ተናግሬ እስክጨርስ ይጠብቀኝ ነበር?" አለች።

ዳቦ አከፋፋይዋ ፈተናውን አለፈች። የዳቦ መኪናውን ራሷ እየነዳች መጥታ ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ ቀጥ አድርጋ አቆመችው፤ ሬዲዮ ከጎኗ ወረደ። እዚያ የተቀመጥነው ሁሉ ፈዘን ቀረን። ሁላችንም የሬዲዮ ተማሪዎች የነበርን፣ ሁላችንም ወድቀን ወድቀን የተውን ነን። ፀጉር አስተካካዩማ እስካሁን በብስክሌት ነው።

"ጋሼ፣ ለእሷ ምን ጨመሩላት?" አለው ፀጉር አስተካካዩ።

"ምንም። ቀነስኩላት እንጂ።"

ይህን ሲል የራሱ መልስ ጆሮው ውስጥ የገባ መሰለኝ። ፊቱ አመድ ሆነ። አንድ በአንድ ተመለከተን።

"እና እናንተን የጣላችሁ ፈተናው ነው፣ ወይስ እኔ ነኝ?"

የፀጉር አስተካካዩ መቀስ ደንበኛው ጆሮ አጠገብ እንደተከፈተ ቀረ።