በሙሽራ እጅ ላይ የቀረ ቀለም

የቆቦ ፀሐይ ለሰው አይራራም፤ ለነሲባ ቀለም ደግሞ ጭራሽ። ነሲባ ቆቦ ኬሚስትሪ ታስተምራለች፤ ክረምት ክረምት ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። የመመረቂያ ሥራዋ ከሂና ቅጠል ቀለም አውጥቶ የሶላር መስታወት መሥራት ነው። ቀለሙ ብርሃኑን ይይዝና ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ይህ እንግዲህ በወሬ ነው። መስታወቱ ጠዋት ቀልቶ ይወጣና ማታ እንደታጠበ ሻሽ ነጥቶ ይገባል። ፀሐይ እንዲይዝ የተሠራ ነገር ፀሐይ ሲገድለው ከማየት የበለጠ ምን ያናድዳል?

ስንቴ አጠለለች፣ ስንቴ ደፋች! ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት። ባልደረቦቿም «ሂናዋ» የሚል ስም አወጡላት። ዘንድሮ ግን ቀለሙን በአልኮል ደጋግማ አጥርታ፣ የግንቦትን ፀሐይ የቻለ አንድ ጠርሙስ ቀለም አገኘች። ቅጠሉ ተለቅሞ ስላለቀ ሌላ የላትም። አማካሪዋ ዶክተር ዘካሪያስ ሰኞ መለኪያቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ቀለሙን በራሳቸው መስታወት ላይ ቀብተው ካልለኩ አያምኑም። የትምህርት ቤቱ ፍሪጅ ስለተበላሸ ጠርሙሱን ሮቢት ከተማ ያለው የእናቷ ቤት ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠችው። «እንዳይነካ!» ብላ ለቤቱ ሰው ሁሉ ተናገረች። ለእህቷ ለራዊያ ሠርግ ከዋጃ ለምትመጣው አክስቷ ለሲቲ ግን ማን ይንገራት?

ቅዳሜ ከሰዓት የሙሽራዋ ሂና ነበር። ነሲባ ከቆቦ በሚኒባስ ደርሳ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ፍሪጁን ከፈተች። ቲማቲምና ውሃ ብቻ።

«አክስቴ፣ እዚህ የነበረው ጠርሙስ የት ሄደ?»

«ሂናው? የገበያው ደከም ቢልብኝ በሱ ለወስኩት። ወላሂ፣ ምን የመሰለ ቀለም! ለእህትሽ ደብቀሽ ያቆየሽላት መስሎኝ ዱዓ ሳደርግልሽ ነው የዋልኩት።»

ጩኸቱ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ነገር ግን በሙሽራ ሂና ላይ ቁጣ አይነሳም፤ ትዳሩን ያከፋዋል ይላሉ እናቶች። ነሲባ የኬሚስትሪ መምህርት ብትሆንም የእናቷ ልጅ ናት። ዋጠችው። ጓሮ ወጥታ ዶክተር ዘካሪያስ ዘንድ ደወለች።

«ቀለሙ አሁን የት ነው ያለው?» አሉ።

«ሙሽራ እጅ ላይ።»

ሳቁ። እስኪበቃቸው ሳቁ። ከዚያ፣ መለኪያው ሌላ ቦታም ስለሚፈለግ ለከርሞ ይሁን አሉና ዘጉት። «ለከርሞ» ማለት ለሚናገረው ቀላል ነው። ነሲባ ስልኩን ግድግዳ ላይ ልትወረውረው ፈልጋ፣ ሌላ ስልክ እንደሌላት ትዝ ሲላት ይበልጥ ተናደደች።

ስትመለስ ራዊያ ሁለት እጆቿን ዘረጋችላት። የደረቀ ደም የመሰለ ድፍን ቀይ፣ አንድም ቦታ ያልሳሳ። ያን ሁሉ ዓመት የፈለገችው ቀለም ይኸው ነበር። «ማሻአላህ» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሴቶቹ እህቷን መዳሯ ያስለቀሳት መስሏቸው እልልታውን አቀለጡት።

ሲቲ ብቻ ፊቷን አይታ ጠረጠረች። ጠጋ ብላ ትከሻዋን አቀፈቻት።

«አብሽሪ፣ ልጄ! ለአንድ ጠርሙስ ሂና እንዲህ ይኮናል? ሰኞ ቆቦ ገበያ ሄጄ እኔው ራሴ እገዛልሻለሁ።»