ትንሣኤን ለእማማ ማርታ ብቻ

የመጀመሪያ ቀን የካቶሊኩ ቄስ አባ ማርቆስ ሆሳዕና ከተማ ባለው ቢሯቸው አስቀምጠው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

"ፊልም መቁረጥ ትችላለህ?"

"እችላለሁ አባ። ሾኔ ከተማ ቪዲዮ ቤት ስሠራ መሳሳም ሲመጣ ሌንሱን በእጄ እሸፍን ነበር። ግን ፕሮቴስታንት ነኝ" አልኳቸው፣ ኋላ ጣጣ እንዳይመጣ።

"ፕሮጀክተሩ ካቶሊክ ነው። ይበቃል።"

አልሳቁም። እኔም አልሳቅሁም፤ ሥራ እየለመንኩ ነበር።

ፕሮጀክተር፣ ላፕቶፕ፣ ስፒከርና ለስክሪን የሚሆን ነጭ አቡጀዲ ጭኜ የጌታን ፊልም እያሳየሁ በየሰበካው እዞራለሁ። መስኮቱን በብርድ ልብስ አጨልማለሁ። ቦኖሻ ሰበካ ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ጲላጦስ አይሰማም፤ እኔ በሃዲይኛ እየጮህኩ እተካዋለሁ። አንድ ሽማግሌ "ጲላጦስ በአንተ ድምፅ ይሻላል" ብለውኛል። ምን ማለታቸው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

አባ ለስቅለት ዕለት ጥብቅ ትእዛዝ አላቸው። የጌታ ሕማም ፊልም እስከ መቃብሩ ይታያል። ድንጋዩ ሲገጠም አቆማለሁ። ቀሪው የእሑድ ነው። "ቤተ ክርስቲያን እሑድ የምታበስረውን አንተ ዓርብ በአንድ ቁልፍ አታስነሣውም" ይላሉ።

አንድ የስቅለት ዓርብ ሺንሺቾ ሰበካ፣ አባም ባሉበት፣ ድንጋዩ ተገጠመ፤ አቆምኩ። ሰው ግን አልተነሣም። ቀብሮ እንደተመለሰ ለቅሶኛ ቁጭ አለ። ከፊት ወንበር ላይ እማማ ማርታ ነበሩ። ሐኪም ቤት "ወደ ቤት ውሰዷቸው" ብሎ የመለሳቸው ናቸው፤ ልጃቸው ደግፋ ነው ያመጣቻቸው።

"ቀሪውስ?" አሉኝ።

"እሑድ ነው፣ እማማ።"

"እሑድን እኔ አልደርስባትም፣ ልጄ።"

የገበያ ወሬ እንደሚያወሩ ነው ያሉት።

ልጃቸው ተነሥታ አባ እግር ላይ ወደቀች። "ስለ እመቤታችን ብለው፣ አባ!" አባ አቡጀዲውን አዩ፤ እማማን አዩ። ከዚያ የሰጡትን ዓይነት ትእዛዝ ሰምቼ አላውቅም።

"ለእሳቸው ብቻ ይታይ። ሌሎቻችን ፊታችንን ወደ ግድግዳ እናዙር።"

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። አባም ዞሩ። ትእዛዙ ፕሮቴስታንትንም ይመለከት እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ማሽኑን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ከፈትኩት።

"ውይ! ድንጋዩ ተንከባለለ!" አሉ እማማ።

"እማማ፣ ዝም ብለው ይመልከቱ። ለሌላው አይንገሩ" አሉ አባ፣ ለግድግዳው።

"ምሥራች ሆድ ውስጥ ይቀመጣል እንዴ፣ አባ? መቃብሩ ባዶ ነው! የተገነዘበት ጨርቅ ብቻ ነው ያለው! ኧረ ወጣ! በእግሩ ወጣ!"

ከግድግዳው ሥር አንዲት ሴት እልል አለች። ሌሎቹ ተከተሏት። ፊቱን ወደ አቡጀዲው የመለሰ ግን አንድም ሰው አልነበረም። የአባ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልጠየቅኳቸውም። እኔ ግን አልቅሻለሁ።

እማማ ማርታ ቅዳሜ ዐረፉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀበርናቸው። ቀሪውን ፊልም አሳየን ያለኝ ሰው አልነበረም።

ወደዚህ ሥራ ለምትመጡ የምለው ይህን ነው። ፊልሙ የት ላይ እንደሚቆረጥ አለቃችሁን ጠይቁ። ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ ተመልሶ መምጣት የማይችል ሰው እንዳለ ጠይቁ።