የኦቦ ፈይሳ ሮም

ለሥልጠና ወደ ሮም ልሄድ መሆኔን ቡራዩ ውስጥ ያልነገርኩት ሰው የለም። ጎረቤታችን ኦቦ ፈይሳ እዚያ ለዓመታት ኖረው የተመለሱ ሰው ናቸውና ምክር ልቀበል ቤታቸው ሄድኩ።

"ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት አውቶቡስ ያዝ፤ መጨረሻው ሳይደርስ እንዳትወርድ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ትልቅ የብረት በር ታገኛለህ። በሩ ላይ አበባ የሚሸጡ ሴቶች አሉ። ነጩን ግዛ።"

"ኮሎሲየሙስ?" አልኳቸው።

"እሱ የትም አይሄድም። በሩ ግን ቶሎ ይዘጋል፤ በጠዋት ሂድ።"

አበባው ለማን እንደሆነ ልጠይቃቸው ስል ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ከጓዳ ብቅ አሉ። ኦቦ ፈይሳ ወዲያው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ውሃ በገንዘብ እንዳትገዛ! መንገዱ ሁሉ ቧንቧ ነው፤ ቀዝቃዛ፣ በነፃ!" አሉ። ግራ ገባኝ።

አዴ ጫልቱ በላስቲክ የተቋጠረ በርበሬ ጭኔ ላይ አስቀመጡ።

"ለልጄ ለሌንሴ ስጥልኝ። ሥራ በዝቶባት ነው መሰለኝ ስልክ አታነሳም። እናትሽ ተቆጥታለች በላት።"

ኦቦ ፈይሳ መሬት መሬቱን ያያሉ።

ሊሸኙኝ አብረውኝ ወጡ። የግቢው በር ጋ ስንደርስ፣ "የሌንሴን አድራሻ ሳይነግሩኝ?" አልኳቸው።

ወደ ቤቱ ዞር ብለው አዩ።

"ነግሬህ የለም እንዴ? ነጩን አበባ ግዛላት" አሉኝ። "እናቷን የምናረዳት ከፋሲካ በኋላ ነው።"