እትዬ ይርጋለም ኤምባሲ ለቅሶ የደረሱ ቀን

በቅድሚያ ይቅርታ። መጻፍ የእኔ ሥራ አይደለም። የተማርኩት ማታ ማታ ነው፣ እሱንም አልጨረስኩትም። ፊደሉን አውቀዋለሁ፤ ግን ቃሉ ሲረዝምብኝ ፊደል እዘላለሁ። የሚያነበው ሰው እንዳይስቅብኝ እፈራለሁ። ግን እ... ታክሲ ተራው ላይ ይህን ነገር እንደ ቀልድ ያወሩታል፤ «ኤምባሲ ንፍሮ ይዛ የሄደችው አሮጊት» እያሉ። እኔ አብሬ ነበርኩ። ንፍሮውን የቀቀልኩትም እኔ ነኝ። እና እንደሆነው ልጻፈው።

እትዬ ይርጋለም ከቁስቋም ዳገት ሥር፣ ከእኔ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ጧፍ ይሠራሉ። ፈትሉን በሰም እያሹ ይጠቀልሉና በንግሥ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይሸጣሉ። ጣታቸው ሁልጊዜ ሰም ሰም ይሸታል። ኪሩ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው፣ የመብራት ሠራተኛ። ሥራ ፍለጋ በረሃ አቋርጦ ሰው አገር ሄደ። እዚያ እሱንና ጓደኞቹን የታጠቁ ሰዎች ያዟቸው። ክርስቲያኖቹን ለዩና ማተብህን በጥስ አሉት፤ እምቢ አለ፣ ገደሉት። ደውሎ የነገረን አብሮት የነበረ፣ ያመለጠ ልጅ ነው። አስከሬን የለም። ይቅበሩት ይጣሉት የሚያውቅ የለም። ፍትሐቱ እንኳ ያለ አስከሬን ነው የተደረገው።

እትዬ ይርጋለም ሲያለቅሱ ሌላ አይሉም። «የት እንደተኛ ብቻ ቢነግሩኝ» ነው የሚሉት። በቃ፣ እሱን ብቻ።

በሰልስቱ ዕለት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የእድራችን ጸሐፊ ቤዛብሕ ስልኩን እያየ ብድግ አለ።

«ስሙ! ስሙ! መግለጫ አውጥተዋል!»

መግለጫውን ያወጣው እዚህ ኤምባሲ ያለው የፈረንጅ አገር ነው፤ እኔ ግን በስም አልጠራውም። ትልቅ አገር ነው፣ ቅር እንዳይላቸው። በእምነታቸው ምክንያት በተገደሉት ክርስቲያኖች ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶናል፣ ድርጊቱን በጥብቅ እናወግዛለን፣ ከቤተሰቦቻቸው ጎን ነን ይላል። ሰው ሁሉ ልቡ ተነካ። እትዬ ይርጋለም ቀና አሉና «መቼ ነው የሚመጡት?» አሉ።

ቤዛብሕ ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች ገፋ ገፋ አደረገ። «እሱን አይልም።»

«ሐዘን ተሰምቶኛል ያለ ሰው ሳይመጣ ይቀራል እንዴ?» አሉ የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ዳኜ። ጋሽ ዳኜ በእድር ሕግ ቀልድ አያውቁም። በእኛ እድር ለቅሶ ቤት መጥቶ ያልተቀመጠ ይቀጣል፤ ሐዘኔን ልኬ ነበር ቢል ማንም አይሰማውም። «ድንኳኑ አይነሳም። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ሥራ ይዟቸው ይሆናል።»

እንዲህ ሆኖ ድንኳኑ ሳይነሳ ቆየ። ከፊት አንድ ወንበር ጨርቅ አልብሰን ባዶውን አስቀመጥን።

«ንፍሮ ይበላሉ?» አለች ሙሉእመቤት። ሙሉእመቤት ጎረቤታችን ናት፣ ምላሷ አያርፍም።

«ለምን አይበሉም? ጥርስ የላቸውም?» አልኳት።

«እንግዲያው ጨው ቀንሺበት። ፈረንጅ ደም ግፊት ይፈራል።»

በማግስቱ ደግሞ ሌላ መግለጫ ወጣ። ሁኔታውን በቅርበት እየተከታተልነው ነው ይላል።

«በቅርበት ከሆነማ ዳገቱን ጀምረውታል» ብላ ሙሉእመቤት ወንበሩን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው። ሰው በለቅሶ ቤት ሳቁን ዋጠ። እትዬ ይርጋለም ግን የድንኳኑን በር ነበር የሚያዩት። አጠገባቸው ስለነበርኩ ቀስ ብለው ሲለማመዱ ሰማኋቸው። «መንግሥት ናችሁ፣ የዚያን አገር መንግሥት ጠይቁልኝ። ልጄ የት ነው የተኛው?»

እያለ እያለ የታችኛው ሰፈር ኤርሚያስ መጣ። «ጋሽ ዳኜ፣ አባቴ እያጣጣረ ነው። ድንኳኑ ለፈረንጅ ከቆመ እኛ ምን ልንተክል ነው?»

«እስኪ ትንሽ ይታገሡ በላቸው» አለች ሙሉእመቤት።

አባትየው አልታገሡም። ድንኳኑ ተነቅሎ ወደ እነ ኤርሚያስ ቤት ሄደ። ወንበሩም ማንም ሳይቀመጥበት አብሮ ሄደ። እትዬ ይርጋለም አልተቀየሙም። «መንገዱ ጠፍቷቸው ይሆናል» አሉ።

የኪሩ ሙት ዓመት ሊደርስ ሲል፣ በዚያው በትልቁ አገር አንድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ጸሎት ላይ ያሉትን በጥይት ፈጃቸው። ወሬውን በሬዲዮ ሰማን። ጠዋት እትዬ ይርጋለም በሬን አንኳኩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

«አጸደ፣ ንፍሮ ቀቅይ። ሐዘን ደርሶባቸዋል።»

ሙሉእመቤት ግድግዳውን አልፎ ተሰማት። «እነሱ መች መጡልንና!»

«ሰምተን ዝም ብንል ምን ይሉናል?»

እኔ በልቤ ደስ አለኝ። እዚያው የኪሩን ነገር ይጠይቃሉ ብዬ ነው። ከእድሩ ሴቶች የተወሰንን ሆነን በታክሲ ወደ ኤምባሲው ወረድን።

«እናቶች፣ ቪዛ ነው?» አለን የበሩ ጥበቃ።

«ለቅሶ ነው» አሉ እትዬ ይርጋለም።

«ቀጠሮ አላችሁ?»

«ለለቅሶ ቀጠሮ የሚያዘው ከማን ጋር ነው ልጄ?»

ልጁ ሌላ ሰልፍ ስለሌለ የቪዛው ሰልፍ ላይ አቆመን። ተራችን ሲደርስ ንፍሮው በፍተሻ ማሽን አለፈ። ፈታሹ አፍጥጦ ቀረ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ስንዴና ባቄላ።»

«ለምን ተቀቀለ?»

«ጥሬውን ግቢያችሁ ልንዘራ አልመጣን!» አለች ሙሉእመቤት። ሊያባርሩን ነበር። እትዬ ይርጋለም ግን እዚያው ቆመው ማልቀስ ጀመሩ፣ እኛም ተከተልን። ያን ጊዜ ጥበቃዎቹ ሮጠው መጡ። «ሰላማዊ ሰልፍ ፈቃድ ይፈልጋል!» እያሉ።

በመጨረሻ አንዲት ወጣት ፈረንጅ ወጣች፣ ሮሐ ከምትባል አስተርጓሚ ጋር።

«ጥያቄያችሁ ምንድነው? ምን እንድናደርግላችሁ ትፈልጋላችሁ ትላለች» አለች ሮሐ።

የእትዬ ይርጋለምን ነጠላ ጎተትኩ። ዓመት ሙሉ የጠበቁት ሰው ፊታቸው ቆሞ ምን ላድርግልሽ እያለ ነው። «ይጠይቁ እንጂ!» አልኳቸው በሹክሹክታ።

ሴትየዋን አዩዋት። ዓይኗ ቀልቷል። ሰው ሞቶባት ይሁን እንቅልፍ አጥታ እኔ አላውቅም።

«ጥያቄ የለንም» አሉ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ ልንል ነው።»

ንፍሮውን ሰጧት። ሴትየዋ ምን እንደምታደርገው ግራ ገብቷት በሁለት እጇ ያዘችው። ሮሐ የሆነ ነገር ስትነግራት አንድ ፍሬ አነሳችና በላች። ከኋላዋ የመጣ ሰው ፎቶ አነሳን።

ታክሲ ውስጥ ብስጭቴን መዋጥ አቃተኝ። «እትዬ፣ ለምን አልጠየቁም?»

«ሰው ለቅሶ ቤት ሄዶ የራሱን ጉዳይ ያነሳል እንዴ? አንቺ ደግሞ!»

አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ቤዛብሕ መጥቶ ስልኩን አሳየን። ኤምባሲው ፎቷችንን አውጥቶታል። የአካባቢው ሴቶች ላሳዩት አጋርነት እናመሰግናለን፣ እኛም በእምነታቸው ከሚሳደዱት ሁሉ ጎን ነን ይላል። እትዬ ይርጋለም መሐል ላይ ናቸው። የማን እናት እንደሆኑ አይልም።

በማግስቱ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወጣ በራቸውን ሲቆልፉ አገኘኋቸው። ነጠላቸውን አቅንተው ለብሰዋል። የኪሩን ፎቶ በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል።

«አጸደ፣ ሰልፉ ያው የትናንቱ ነው አይደል?»

«ያው ነው እትዬ፣ የቪዛው።»

«ይሁን» አሉና ቁልቁል ወደ ታክሲው ወረዱ።