የዓርቧ ትርፍ ፓስቲ

ሜርቪን ትሬምባዝ ሙንታ በምትባለው የድሮ መዳብ ማውጫ ከተማ ተወልዶ ያረጀ ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የትሬምባዞችን የዘር ሐረግ ሲቆፍር ኖሯል። በቅርቡ ምራቁን ለዲኤንኤ ምርመራ ቢልክ ጉድ መጣ። ከትሬምባዞች አንድም ሰው በደም አይገናኘውም፤ በአባቱ በኩል የሚገናኙት ናንኪቬል የሚባሉ ሌላ ቤተሰብ ናቸው።

“ምራቄን ከሌላ ሰው ጋር ቀላቅለውት ነው!” ብሎ ጮኸ።

“ሁለቴ ልከህ ሁለቴ ቀላቀሉት?” አለችው ሚስቱ ቤሪል። “ይልቅ አያትህ ዓርብ ዓርብ ትጋግራት የነበረችው ትርፍ ፓስቲ የማን ነበረች?”

ሜርቪን ፓስቲዋን አስታወሳት፤ ሥጋና ድንች በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገር የቆፋሪ ምሳ ናት። ሴት አያቱ የቆፋሪዎቹ ምሳ እንዳይቀያየር በየፓስቲው ጫፍ የባለቤቱን ስም መነሻ ፊደል በሊጥ ትለጥፍ ነበር። በትርፏ ላይ ግን የምትለጥፈው የእንግሊዝኛውን “ኤን” ነበር፤ በቤቱ ስሙ በዚያ ፊደል የሚጀምር ሰው አልነበረም።

“ከመሬት በታች ላሉት መናፍስት ናት፤ እጅህን ሰብስብ!” ትለው ነበር አያቱ፣ በልጅነቱ እጁን ሲሰድባት።

ናንኪቬል የሚባል ቆፋሪ ጉድጓድ ተንዶበት እዚያው የቀረው ከሜርቪን አያቶች ሠርግ አንድ ወር ቀደም ብሎ ነው። የሜርቪን አባት ደግሞ ከሠርጉ በኋላ በስድስተኛው ወር ተወለደ። ሁለቱንም ቀኖች ሜርቪን በገዛ እጁ መዝግቧቸዋል።

ፓስቲዋን ሳትቀዘቅዝ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደዚያው ወደተዘጋው ጉድጓድ የሚወስዳት ግን ወንድ አያቱ፣ ሽማግሌው ትሬምባዝ ራሱ ነበር። እዚያም ኮፍያውን አውልቆ፣ ወደ ጨለማው ጎንበስ ብሎ፣ ዓርብ በመጣ ቁጥር ያንኑ ይል ነበር፦

“አይዞህ፣ ልጅህ ደህና ነው።”