የመንታዋ ጀልባ ፓራፋንጎ

ጀልባ በዓይኔ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ከታይዋን ገበያ ጀርባ፣ አጎቴ የባጃጅ ሸራ በሚሰፋበት ግቢ በር ላይ ነው። በጭነት መኪና ተጭና መጣች። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ከበባት። ድሬ ባሕር የላትም፤ ወንዟም ቢሆን አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ አቋርጦት ገበያ ይሄዳል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን አውጥቶ፣ «ነቢዩ ኑህ ደረሱ እንዴ? እኔንም ከነባጃጄ መዝግቡኝ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢያችን ስም «ኑህ ቤት» ሆኖ ቀረ።

ባለቤቷ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አሁን ጅቡቲ ውስጥ ሰው በጀልባ የሚያመላልስ ሰውዬ ነው። እኔ በሶማሊኛ «አዴር» እለዋለሁ፤ አጎት እንደማለት ነው። እሱ ደግሞ «አባዮ» ይለኛል፤ እህቴ ማለቱ ነው። እዚያ ጀልባ የሚጠግን ሰው ሞልቷል። ግን የድሬ ልጅ የትም ቢኖር ሱሪውን እንኳ የሚያሳጥረው ድሬ መጥቶ ነው። ድንበሩን እንዴት እንዳሻገራት አልጠየቅነውም።

ጀልባዋ መንታ ነች። ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች ጎን ለጎን ቆመው ከላይ በአንድ ወለል የተያያዙ ይመስላሉ። ከወለሉ ስር፣ በሁለቱ መሃል፣ ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ አለ። ሁለት ሞተሮች ከኋላዋ ተንጠልጥለዋል። ችግሯ ፍጥነት ስትጨምር ነው፤ ውሃ እየተረጨ ሞተሮቹን ያለብሳቸዋል። በቅርቡ ሙሉ ሰው ጭኖ ባሕር መሃል ሲደርስ አንዱ ሞተር ታፍኖ ጠፍቶበታል። ሌላውም አስነጥሶ አስነጥሶ በስንት ልመና ነው ያደረሳቸው።

«በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ልጄን እድራለሁ» አለ አዴር፣ አጎቴ ሻይ እያቀረበለት። «የሙሽራው ቤት ከባሕሩ ማዶ ታጁራ ነው። በገዛ ጀልባዬ አደርሳታለሁ ብዬ ለዘመድ ሁሉ ተናግሬያለሁ። ልጄ በሰርጓ ቀን በሰው ጀልባ ተጎትታ ከደረሰች፣ እኔ እዚያው ባሕር ውስጥ እቀራለሁ።»

«አትቀርም» አለ አጎቴ ወደ እኔ እያመለከተ። «ለሙሽራዋ የሸራ ጥላ ይቺ ትሰፋለች። ውሃውን ለእኔ ተወው።»

አጎቴ እንዲህ የሚያናግረው ነገር ነበረው። ባጃጅ ሞተሯ ከኋላ ነው። ዝናብ ሲጥል ጎማዋ ውሃ እያነሳ ይረጭበትና መንገድ መሃል ትቆማለች። እሱ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ የሚያንጠለጥለው ፓራፋንጎ ግን ያንን ውሃ ይመልሳል። ከከዚራ ሰፈር ጭምር እየመጡ ያሠሩታል። ስለዚህ ጀልባዋን ሁለት ጊዜ ዞራት፤ ከሞተሩ ስር ያለውን የሚሽከረከር ፋን በእጁ አዞረውና፣ «ይኸውልህ፣ ይቺ ጎማዋ ናት። ውሃውን ወደ ላይ የምትወረውረው እሷ ናት» አለ።

አዴር አልተከራከረም። እኔም አልተከራከርኩም። አጎቴ ከሁለቱ ሞተሮች ኋላ ሁለት ሰፋፊ ጎማ አንጠለጠለ። ለመሞከር ባሕር ስለሌለን ከአጠገባችን ያለው የላቫጆ ባለቤት መኪና የሚያጥብበትን ጎማ ቱቦ ጎትቶ መጣና ከኋላ በኩል በኃይል ለቀቀባት። ውሃው ጎማው ላይ ነጥሮ ተመለሰ፤ ሞተሮቹ ደረቅ ናቸው። ሰፈሩ አጨበጨበ። አዴር አጎቴን ግንባሩን ሳመው። ያ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ነበር፤ የጭነት መኪናው ከሰዓት በኋላ ጀልባዋን ይዞ ሊመለስ ነው፤ ሰርጉ በሳምንቱ ዓርብ ነው።

እኔ ጥላውን እየሰፋሁ ነበር። አዴር ስልኩን ልኬቱ ያለበትን ፎቶ እንዳይበት ትቶልኛል። እዚያው ውስጥ ያን የተበላሸ ጉዞ የቀረጸው ቪዲዮ አለ። ደጋግሜ አየሁት። ውሃው ከኋላ አይመጣም። በወለሉ ስር፣ ከሁለቱ ጀልባዎች መሃል፣ ከፊት ወደ ኋላ እየሮጠ መጥቶ ልክ መጨረሻው ላይ እንደ ጉብታ ያብጥና ሞተሮቹን ከፊታቸው ይመታቸዋል። እኛ የዘጋነው ከኋላ ነው።

ይህንን ማን ይናገር? አጎቴ ገና ግንባሩ የተሳመ ሰው ነው። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ሰብሰብ ባለበት ተናግሬ አላውቅም። መቀሱን አስቀመጥኩና ወደ ላቫጆው ቦይ ሄድኩ። የመኪና እጣቢ በሲሚንቶ ቦዩ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በፍጥነት ይወርዳል። ነጠላ ጫማዬን አወለቅሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ከላይ በእንጨት አሰርኳቸውና አፍንጫቸውን ወደሚመጣው ውሃ አዙሬ ያዝኳቸው። ውሃው በሁለቱ መሃል ገባ፤ ጠበበው፤ ተረከዛቸው ጋ ሲደርስ ጉብ ብሎ ተነሳ። ልክ እንደ ቪዲዮው።

«ጫማ ለማጠብ ነው ሥራ የተፈታው?» የአጎቴ ድምፅ ከኋላዬ ነበር። አዴርም አብሮት ቆሟል።

በጣቴ ጉብታውን አሳየሁት። ከዚያ ከኪሴ ቁራጭ ጎማ አውጥቼ በሁለቱ ጫማዎች መሃል፣ ከተረከዙ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ወደ ኋላ አጋድሜ ከላይ ወደ ታች ሰካሁት። ውሃው ጎማውን ነካ፣ ጎበጥ አለና ዝቅ ብሎ ሄደ። ጉብታው ጠፋ።

አጎቴ ጎንበስ ብሎ የራሱን ጫማ ፈታ። «ያንቺ እግር ትንሽ ነው፤ በዚህ እንየው» አለኝ። የእሱም ጫማ ውሃውን ጉብ አደረገው፤ ጎማው ሲሰካ ውሃው ተኛ። አዴር ደግሞ «የእኔ ከጅቡቲ ነው፤ ባሕሩን ያውቃል» ብሎ የእሱን አወለቀ። ሦስታችን ባዶ እግራችንን ቦይ ዳር ተቀምጠን ጫማ እያንሳፈፍን ሳለ ያ የባጃጅ ሹፌር በዚያ አለፈ።

«ኑህ ቤት መርከቡ ሞልቶ በጫማ ጀመራችሁ?»

«አቦ ተወን» አለው አጎቴ ቀና ሳይል። «ሥራ ላይ ነን።»

አጎቴ የራሱን ሁለት ጎማ በራሱ እጅ ፈታቸው። ያን ሲያደርግ ፊቱን ማየት አልቻልኩም፤ እሱ ግን እያፏጨ ነበር። ከወለሉ ስር ገብተን ከሞተሮቹ ክንድ ያህል ቀደም ብሎ፣ ከአንዱ ጀልባ እስከሌላው የሚደርስ ሰፊ ጎማ፣ ከጀርባው የአሉሚኒየም ቆርቆሮ አስደግፈን፣ ወደ ኋላ አጋድመን በብሎን አሰርን። የጭነት መኪናው ሹፌር ጥሩምባውን ደጋግሞ ይነፋል። በግራ በኩል ጎማው ሁለት ጣት ያህል አነሰ። የሚቀጠል ፍለጋ ዘወር ስል መኪናው ሞተሩን አስነሳ።

ከመሄዳቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ አደረግሁ። ልብስ የምንለካበትን ነጭ ጠመኔ አንስቼ በሁለቱም ሞተሮች ክዳን ላይ፣ ከፊት ለፊታቸው፣ ወፍራም መስመር አሰመርኩ።

«ይሄ ምንድነው አባዮ?»

«ውሃ ከነካው ይጠፋል» አልኩት። ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ግን ሰማኝ።

«ዋላሂ ማንም እጁን አያሳርፍበትም» አለ።

የሰርጉ ዕለት ዓርብ አጎቴ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ የሰው ባጃጅ ሸራ ገልብጦ ሰፋ። እኔም መልሼ እየተረተርኩ ነበር። ስልኩ መካከላችን ጠረጴዛ ላይ ነው። የላቫጆው ባለቤት ውሃውን ዘግቶ መጥቶ ቆሟል። የባጃጁ ሹፌርም አለ፤ «በዚሁ ሳልፍ ነው» ይላል፤ ከቆመ ግን ቆይቷል።

አሥር ሰዓት ገደማ በቪዲዮ ተደወለ። መጀመሪያ የታየን ሰማያዊ ብቻ ነው። ከዚያ የሰፋሁት ጥላ ታየኝ፤ ነፋሱ ሆዱን ነፍቶታል፤ ስፌቱ ይዟል። ከስሩ ሙሽራዋ በቀይ ተሸፍና ትስቃለች፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ከኋላቸው ነጫጭ ቤቶች ይታያሉ። ታጁራ ደርሰዋል። አጎቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ተቀምጦ የነበረ መስሎኝ ነበር።

«አልቆመችም» አለ የአዴር ድምፅ። «አንዴም አላስነጠሰችም። አባዮ የት አለች? ለእሷ ላሳያት።»

ስልኩን ወደ ሞተሮቹ አዞረው። በቀኙ ክዳን ላይ መስመሬ ነጭ እንደሆነ ከዳር እስከ ዳር አለ። በግራው ግን ጫፉ፣ ሁለት ጣት ያህል፣ ታጥቧል።

ሰው ሁሉ በአንድ ላይ ያወራ ነበር። እኔ ግን ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ «አዴር፣ ግራው ሁለት ጣት ይጎድለዋል። ስትመለስ በፍጥነት አትንዳ፤ ቁራጩን እልክልሃለሁ» አልኩ። ድምፄ እዚያ ማዶ ሳይቀር ተሰማ መሰለኝ፤ እልልታው ለአፍታ ቆመ።

«ሰርጌ ላይ ማናት የምትቆጣው?» አለች ሙሽራዋ።

«ጥላሽን የሰፋችው ናት» አላት አባቷ። «ስሚያት፣ እውነቷን ነው።»

ሳቁ ከሁለቱም ወገን መጣ። አጎቴ መቀሱን በእጀታው በኩል አዞረና ሰጠኝ። በባጃጁ ሹፌር ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ ሁለት ጣት ጎማ ለካሁና ቆረጥኩ።